ቅኔ የማይቆጥረው ጸሐፊ

ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ነበር። ወይስ ሃምሳ ስድስት? የቢቸና ሰው በዚህ አይስማማም። አንዱ፣ «አዲሱ ችሎት ቆርቆሮ የለበሰው በረዶ አዝመራውን ባጨደ ዓመት ነው» ይላል። ሌላው፣ «የለም፤ በረዶው ቆርቆሮው ላይ ሲንጋጋ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ቆርቆሮው ይቀድማል» ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱም በዚያ ጊዜ ቢቸና እንዳልነበሩ ይመሰክራል። እንግዲህ ሃምሳ አምስት ብለን እንለፍ። ዓመተ ምሕረቱ ቢያከራክርም ሰውየው አያከራክርም።

ሰውየው ይርሳው ይባላል። ሞጣ ተወልዶ፣ ዳዊቱን ጨርሶ፣ ከዚያ አስኳላ ገብቶ፣ በቢቸና ከነበሩት ፍርድ ቤቶች በአንዱ ጸሐፊ የሆነ ሰው ነው። ቀጭን፣ ጠይም፣ ንግግሩ ቁጥብ። ከሳሽና ተከሳሽ አፍ ለአፍ ገጥመው ሲንጫጩ እሱ ብዕሩን አሳርፎ ያዳምጥና፣ ሲጨርሱ የሁለቱንም ቃል ገለባውን ከፍሬው ለይቶ ያሰፍረዋል። ዳኛው ግራዝማች ኃይለ ሚካኤል ለምስጋና አፋቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። ስለ ይርሳው ግን፣ «ያላልኩትን አይጽፍም» ይሉ ነበር። በዚያ ዘመን ለአንድ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ሽልማት የለም።

አዲሱ ቤት ተሠርቶ ከማለቁ በፊት በነበረው ክረምት ይርሳውን ተስቦ ጣለው። ሁለት ወር ተኛ። ሚስቱ ፈንታነሽ አንዴ ጠበሉን፣ አንዴ የጤና ጣቢያውን ክኒን እያፈራረቀች ከሞት አፍ አወጣችው። ተስቦው ግን ሲወጣ በሩን ሳይዘጋ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ብርሃንና ድምፅ እንደ ልባቸው የሚገቡበት ሰው ሆነ። ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ግድግዳ ሲያይ ከዓይኑ ጀርባ መርፌ የሚሰካ ይመስለዋል። የድስት ክዳን ሲወድቅ ጥርሱን ይጠዘጥዘዋል። ጩኸት ሲበዛ ፊደሉ እርስ በርሱ ይደራረብበታል።

ከሐረር ተመድቦ የመጣው ድሬሰር ባትሪ አብርቶ ዓይኑን መረመረው። ባትሪው ራሱ ይርሳውን ሊጥለው ምንም አልቀረውም። «ዓይንህ ደህና ነው። ጆሮህማ ከእኔም ይሻላል» አለው ድሬሰሩ፣ የምሥራች የነገረው መስሎት። ይርሳው አመስግኖ ወጣ። ደህና ነህ መባል እንደዚያ ቀን ከብዶት አያውቅም።

አሮጌው ችሎት የሣር ቤት ስለነበር ሥራውን እንደምንም ቻለው። ሌላው ጨለማውን ሲራገም እሱ በልቡ ይመርቀው ነበር። አዲሱ ቤት ሲመረቅ ግን ከተማው እልል ሲል ይርሳው ከጥግ ቆሞ መስኮቶቹን ቆጠረ። ስድስት ናቸው፣ ሁሉም ባለ መስተዋት። ግድግዳው በኖራ ተለቅልቆ ዓይን ይወጋል። ቆርቆሮው ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ቋ፣ ቋ ይላል፤ ዝናብ ሲወርድበትማ ዳኛውና ባለጉዳዩ እኩል ይሰጥማሉ። በር ላይ የሚቆመው ተላላኪ ቢሆነኝ ባለጉዳይ ሲጠራ፣ «ከዓባይ ማዶ ያለ ተከሳሽ ሳይቀር አቤት ይላል» ተብሎ የሚወራለት ጉሮሮ ነበረው። ከይርሳው አጠገብ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ የመጣችው ወይዘሪት አሰጋሽ የጽሕፈት መኪናዋን ትቀጠቅጣለች። ማኅተም ሲመታ ጠረጴዛው ይዘላል። ባለጉዳዩ የጎጃም ባለጉዳይ ነው፤ አንዱ ሲናገር አሥሩ ያርሙታል።

ይርሳው ሕመሙን ደበቀ። ጸሐፊ ማለት ዓይንና ጆሮ ማለት ነው፤ ሁለቱም ታመሙብኝ ካለ ምን ቀረለት? መጀመሪያ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ለመሥራት ሞከረ። ግራዝማች፣ «ችሎት ነው ወይስ ገበያ?» አሉት፤ አወለቀው። ቀጥሎ የንብ ሰም እንደ ባቄላ እያድቦለቦለ በጆሮው ወተፈ። ሰሙ ጩኸቱን ያለዝብለታል፤ የዳኛውንም ጥሪ አብሮ ያለዝበዋል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አቤት ያላለ ዕለት፣ «ሳይሾም ኮራ» ተባለ።

አንድ ረፋድ ላይ ነገሩ ከአቅሙ በላይ ሆነ። ከሮብ ገበያ በኩል የመጡ ዘመዳሞች በውርስ ተጣልተው ችሎቱን ሞልተውታል፤ ፀሐይዋ በስድስቱም መስኮት የገባች ይመስላል። ይርሳው ብዕሩን አስቀመጠ፤ ጋቢውን ከትከሻው አነሣና ከነራሱ ተከናነበ። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ትንፋሹን መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፈንታነሽ በሕመሙ ጊዜ ያስተማረችው ነው። ከጋቢው ሥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በግልጽ ይታያል።

ከዘመዳሞቹ መካከል አንድ ቄስ ነበሩ። ይርሳውን አዩና እጃቸውን ወደ ሌሎቹ ዘረጉ።

«ዝም በሉ። ሰውየው ይቆጥራል።»

«ምኑን?» አለ አንዱ።

«ምኑን ትላለህ እንዴ? ቅኔ ነዋ።»

በዚያ አገር ቅኔ ይቆጠራል። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ፣ ደበሎውን ተከናንቦ፣ ቃል ከቃል እያዛመደ ቤት እስኪሞላለት ይቀመጣል። ያን ጊዜ ከብት የሚነዳ ሰው እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። የሚጸልይን ሰው ያቋረጠ ይቅርታ ያገኝ ይሆናል፤ ቅኔ የሚቆጥርን ያቋረጠ ግን ስሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ቄሱ እንደዚያ ሲሉ ዘመዳሞቹ ጭጭ አሉ። አሰጋሽ ጣቷን ከመኪናዋ አነሣች። ቢሆነኝ አንድ ስም ለመጥራት የሳበውን ትንፋሽ ቀስ አድርጎ መለሰው።

ይርሳው ከጋቢው ሥር ጸጥታው ሲወርድ ተሰማው። መጀመሪያ የሞተ መሰለው። ቆይቶ አንዲት ዝንብ ስትበር ሰማና አለመሞቱን አወቀ። ሕመሙ እንደ ጎርፍ ቀስ በቀስ ጎደለ። ጋቢውን ሲገልጥ ሃያ ሰው በአክብሮት ያየዋል።

«ሞላልህ ወይ፣ አያ ይርሳው?» አለው ቢሆነኝ በሹክሹክታ።

ይርሳው ምን እንደተጠየቀ አልገባውም። «ተሻለኝ» አለ።

«ተሻለኝ አለ» ብለው ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሚችል ሰው አነጋገሩ ያስታውቃል።»

ነገሩ ሲገባው ዕለቱን አስተባበለ። «እኔ ቅኔ አላውቅም» አለ። ነገር ግን ቢቸና ውስጥ ቅኔ የማያውቅ ሰው «ትንሽ እሞክራለሁ» ይላል፤ አላውቅም የሚለው የሚያውቅ ሰው ነው። እንግዲህ በእውነት የማያውቀው ምን ብሎ ይናገር? ባስተባበለ ቁጥር ዝናው ጨመረ። «ትሕትናውን አያችሁልኝ» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ማስተባበሉን ተወው። የተወው ሰልችቶት ብቻ አልነበረም። ጸጥታው ጣፍጦታል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ደግ ወራት ነበሩ። ቀኑ ሲከብደው ጋቢውን ይከናነባል፤ ችሎቱ ጸጥ ይላል። ባለጉዳይ ተራ በተራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ለመደ። ሥራው መልሶ ያማረ ሆነ። አሰጋሽ እንኳ፣ «አንተ ቅኔ ስትቆጥር የእኔ ስሕተት ይቀንሳል» አለችው አንድ ቀን። ይርሳው ሳቀ፤ ሊነግራትም ዳዳው፤ ግን ቢሆነኝ በአጠገባቸው ሲያልፍ ወደ መዝገቡ ተመለሰ።

ክፋቱ፣ ባለ ቅኔ የተባለ ሰው የጻፈውን ሁሉ ሰው ወርቅ ይፈልግበታል።

ደምለው የሚባል ባለጉዳይ ነበር። ተረትቶ እንኳ «ደስ የሚል ክርክር ነበር» ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ከጎረቤቱ ከወይዘሮ ወለተ ሐና ጋር በከብት መሄጃ ተካስሰው፣ ዳኛው የሴትዮዋ ምስክር ለማክሰኞ እንዲቀርብ አዘዙ። ይርሳው እንደ ወትሮው፣ «ምስክሩ ማክሰኞ ይሰማል» ብሎ ጻፈ። ደምለው ግልባጩን ወስዶ ሳምንቱን ሙሉ ሲያገላብጠው ሰነበተ። ማክሰኞ ምስክሩ አፉን ሊከፍት ሲል እጁን አነሣ።

«በሕግ አምላክ። ይህ ሰው እንዲናገር አልተፈቀደለትም።»

«ማን ከለከለው?» አሉ ግራዝማች።

«እርስዎ፣ ጌታዬ። መዝገቡ 'ምስክሩ ይሰማል' ነው የሚለው። 'ሰ' ላልታ ስትነበብ ምስክሩ ያዳምጣል ማለት ነው። ይስማ እንጂ ይናገር አይልም።»

«ጠብቃ ነው የምትነበበው፣ አንተ ሰው። ይደመጣል ነው።»

«ሌላ ጸሐፊ ቢጽፈው እኔም እንደዚያ እል ነበር። የጻፈው ግን አያ ይርሳው ነው። እሱ ያለ ምክንያት 'ሰ'ን እዚያ አያስቀምጣትም።»

ችሎቱ ሁለት ተከፈለ። ግማሹ ይላላል አለ፤ ግማሹ ይጠብቃል አለ። ቄስ የሆነው ሁሉ ምሳሌ ጠቀሰ። ምስክሩ፣ ምስኪን ሽማግሌ፣ በመካከል ቆሞ፣ «እኔስ ልናገር ወይስ ልስማ?» ብሎ ጠየቀ። ወይዘሮ ወለተ ሐና፣ «እኔ ከብቶቼን በየት ልንዳ?» አለች፤ ግን ማንም አልሰማትም። ይርሳው በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ጋቢውን ሊከናነብ እጁን ሰደደ። ግራዝማች አዩት።

«ተከናነብና ጨርስልን» አሉት። እጁ በአየር ላይ ቀረ።

ችሎቱ ሲበተን ለብቻው ጠሩት። ግራዝማች ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ ሳይሆን ዝቅ ይላል።

«በመዝገቤ ላይ ቅኔ?»

«ጌታዬ፣ እኔ ቅኔ አላውቅም።»

«እሱን ነው የፈራሁት። አላውቅም ያለ ሰው ነው የሚያውቀው።» ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። «ዓርብ መሪጌታ ወልደ ሰንበት መጥተው ይመረምሩሃል። መዝገቤ ላይ ቅኔ ዘርፈህ ከተገኘህ እንደ ሌላው ዘራፊ ነው የማይህ። ከዚህ ቤት ትወጣለህ።»

ይርሳው ቤቱ ሲደርስ ፈንታነሽ በር ላይ ጌሾ ታበጥራለች። ሳይጠየቅ ሁሉንም ነገራት።

«እውነቱን ተናገራ» አለችው።

«ታምሜአለሁ ካልኩ ያሰናብቱኛል። ደህና ነኝ ካልኩ፣ ታዲያ ለምን ተከናነብክ ይሉኛል። ቅኔ ነው ካልኩ ደግሞ ዘራፊ ሆንኩ።»

«ከሦስቱ የቱ ነው እውነት?»

«የመጀመሪያው ነዋ።»

«እንግዲያው እሱን ንገራቸው። ሁለት ውሸት ተሸክመህ እየዞርክ ራሴን አመመኝ ትላለህ።»

«ራሴን የሚያመኝ ቆርቆሮው ነው።»

«እሱንም ንገራቸው» አለችና ጌሾዋን ማበጠሯን ቀጠለች። ጥቂት ቆይታ፣ «ከችሎቱ ብትወጣ ሞጣ አለን» አለች። «ነገር ግን ባልሠራኸው ነገር አትውጣ።»

ዓርብ ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሰው የመጣው ለክርክር አልነበረም፤ ቅኔ ሊሰማ ነው። መሪጌታ ወልደ ሰንበት በበቅሎ መጡ። ሃምሳ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ፣ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ናቸው። ከይርሳው ፊት ወንበር ተሰጣቸው።

«ስምህ ማነው?»

«ይርሳው።»

እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አደረጉ። «ማን?»

«ይርሳው፣ የኔታ።»

«ማን ይርሳው? ምኑን?»

ችሎቱ ሳቀ። ሳቁ ቆርቆሮውን ነክቶ ሲመለስ ይርሳው ዓይኑን ጨፈነ። ግራዝማች ጠረጴዛ መቱ፤ እሱ ደግሞ ባሰ።

«የት ተቀኘህ?» አሉት መሪጌታ።

«የትም፣ የኔታ። ዳዊት ላይ ነው ያቆምኩ።»

«ታዲያ ጋቢ ተከናንበህ ምን ታደርጋለህ?»

ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች አንገታቸውን አስረዘሙ። ግራዝማች ወደ ይርሳው ጎንበስ አሉና፣ ዘጠኝ ዓመት የሠራላቸውን ሰው ማጣት እንደከበዳቸው በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «ስማኝ» አሉት። «ቅኔውን ለራስህ እንደምትቆጥር፣ መዝገቡ ላይ ግን እንዳላሰፈርከው ማል። ነገሩ እዚህ ያልቃል።»

ቀላል መንገድ ነበር። ሥራውም፣ ጋቢውም፣ ጸጥታውም ይተርፉለታል። ይርሳው ግድግዳውን አየ፤ ነጭ ነው። መስኮቱን አየ። ተራውን የምትጠብቅ ወይዘሮ ወለተ ሐናን አየ፤ ከብቶቿ ይህን ሁሉ ሳምንት በሩቅ መንገድ ይዞራሉ። ከዚያ ተነሥቶ ቆመ።

«አልምልም፣ ጌታዬ። ብርሃን ያመኛል። ድምፅ ያመኛል። ሲያመኝ እከናነባለሁ። ሌላ ነገር የለም።»

ከዚያ ከወደ ኋላ አንዱ፣ «አቤት» አለ በቀስታ። ማጉረምረሙ ከዚያ ተነሣ።

«'ብርሃን' ያላቸው ግራዝማችን ነው።»

«የለም፣ 'ብርሃን' እውነት ነው። እውነት ያመኛል ማለቱ ነው፤ 'ድምፅ' ደግሞ ምስክሩ።»

«'እከናነባለሁ' ያለውን ልብ በሉ። መቃብር ነው። ቶሎ ካልፈረዳችሁልን እንሞታለን እያለ ነው።»

ደምለው፣ «'ሌላ ነገር የለም' ያለው ላይ ነው ወርቁ» አለ። «ሌላ መሄጃ የለም። መንገዱ የእኔ ነው።»

ይርሳው ዙሪያውን አየ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ግልጽ ተናግሮ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም የሰማው ጠፍቶ አያውቅም። ወንበሩን ያዘ።

«አልሰማሁም። ድገመው» አሉ መሪጌታ።

«ብርሃን ያመኛል፣ የኔታ።»

«ቀስ ብለህ። ሁሉንም።»

ደገመው። ሽማግሌው ከንፈሩን እያዩ ቃል በቃል ተከተሉት። እንደገና አስደገሙት። በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ እየመቱ ልኩን ለኩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ወዲያና ወዲህ መረመሩት፤ አንድ ቃል ላይ ቆሙና ፊደሉን አላልተው፣ አጥብቀው ሞከሩት። በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ወርቅ የለውም» አሉ።

«የኔታ፣ ወርቁ የተሰወረበት ውስጠ ወይራ ይሆናል» አሉ አንድ ቄስ።

«ወይራም የለው፣ ዋንዛም የለው። ቤቱ አይመታም፤ ልኩ አይሞላም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ወርቅ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያለበትንም የሌለበትንም አውቃለሁ። ይህ ሰው ሰም ነው የሰጣችሁ።» ወደ ችሎቱ ዞሩ። «እናንተ ሰዎች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሰሙን ስሙ።»

ይርሳው ይህን ሲሰማ ያደረገውን ሳያስበው ነው ያደረገው። ጣቱን ወደ ጆሮው ሰደደና፣ ጫጫታውን ፈርቶ ጠዋት የወተፋቸውን ሁለት የሰም ድብልብሎች አውጥቶ በግራዝማች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው።

ግራዝማች ድብልብሎቹን አዩ። ይርሳውን አዩ። «ሰሙ ይኸው ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው፣ ጌታዬ።»

ግራዝማች በችሎት ወንበራቸው ላይ ሲስቁ የታዩት ያን ቀን ነው ይባላል። ሌላው ሊያጅባቸው ሲል ግን እጃቸውን አነሡ፤ ሳቁ እዚያው ቆመ። «ቀስ በሉ» አሉ። «ድምፅ ያመኛል ብሎ አልነገራችሁም?»

መሪጌታ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ተስቦ የላሰው ተማሪ ነበረኝ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል አነጋገር። «ማኅሌት ሲቆም ከበሮው ይጥለዋል። ዕብድ ነው አሉኝ፤ አስወጣሁት። አሁን ይህን ሰው ሳስደግመው እሱም እንደዚሁ ነግሮኝ እንደነበረ ትዝ አለኝ። እኔ ግን ወርቁን ስፈልግ ነበር።» ከዚያ ወደ ይርሳው፣ «ጋቢህን አትጣል፤ አንተ ግን ከጋቢው የተሻለ ጣሪያ ያስፈልግሃል። በቆርቆሮ ሥር ንብ አይሰፍርም» ብለው በቅሏቸውን አስጠሩ።

«ሥራውንስ ይችላል?» አሉ ግራዝማች፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

የመለሰችው አሰጋሽ ናት። «እሱ ሲከናነብና ሁላችንም ዝም ስንል ነው ይህ ቤት ሥራ የሠራው፣ ጌታዬ። መዛግብቱን ይቁጠሩ። እኔም ያን ጊዜ ነው የተሳካልኝ።»

«እኔም ጉሮሮዬ ዐርፎልኛል» አለ ቢሆነኝ ከበሩ ላይ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ስለተናገረ አንዳንዱ ማን እንደሆነ ዞሮ አየ።

እንዲህ ሆኖ ይርሳው ወደ አሮጌው የሣር ቤት ተመለሰ፤ በሙከራ፣ እስከ ፋሲካ። መስኮቱ ላይ ጆንያ ተሰቀለ፤ ብርሃኑ በጆንያው ተጣርቶ እንደ ጠላ ቅራሪ ፈዞ ይገባል። ባለጉዳይ አንድ በአንድ ይገባል፤ ቃሉን ሰጥቶ ይወጣል፤ ተከራካሪው ውጭ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። ማኅተሙ የሚያርፍበት ጨርቅ ፈንታነሽ ሰፍታ ሰጠች። አሰጋሽም ማንም ሳያዛት መኪናዋን እዚያው አምጥታ ከሥሩ ብርድ ልብስ አጥፋ አነጠፈች። ይርሳው ደግሞ አንድ ነገር ለራሱ ፈጠረ፤ ከዚያ ወዲህ በጻፈው መዝገብ ሁሉ፣ ጠብቆ በሚነበብ ፊደል ራስ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል «ጠ» ያስቀምጥ ጀመር። ደምለው የመጀመሪያውን ግልባጭ ሲያይ አዘነ። «አያ ይርሳው፣ ይህማ ክርክር አይሆንም» አለው። የወይዘሮ ወለተ ሐና ምስክር ያን ሳምንት ተሰማ፤ «ሰ» ጠብቃ። መንገዱ ለሴትዮዋ ሆነ። ደምለው ግን ሲወጣ፣ «ደስ የሚል ክርክር ነበር» አለ።

ሁሉ ነገር አልተቃናም። የሐምሌ መብረቅ የጣለው ቀን አለ። የሣሩ ቤት ጢስ ሲገባው ዓይኑ ይብሳል። በሠርግና በለቅሶ የሚቀርበት ብዙ ነበር፤ «ኮራ» የሚለው ሐሜትም ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ነገር ግን ፋሲካ መጣና አለፈ፤ ስለ ሙከራው ማንም አላነሣም። ግራዝማች አንድ ቀን ወደ ሣር ቤቱ ገብተው ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጡ፤ ምንም ሳይናገሩ ጥቂት ቆዩ። ሲወጡ፣ «እዚህ ሰው ማሰብ ይችላል» አሉ። ከሳምንት በኋላ ከባድ ከባድ ፍርዶቻቸውን እዚያው ተቀምጠው ማርቀቅ ጀመሩ።

ይርሳው በስድሳዎቹ መጀመሪያ ሞጣ ተዛውሮ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነ። ይህን የሚጽፈው ሰው ያገኘው እዚያ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱን በመምህርነት ሊፈጽም ሞጣ በተመደበበት ዓመት፣ በስድሳ አራት መሆን አለበት። የቢቸናውን ነገር የነገረችው ፈንታነሽ ናት፤ ጎረቤቱ ነበረች። ይርሳው ራሱ ስለዚያ ነገር ብዙ አያወራም። ጠዋት ጠዋት፣ ተማሪው ክፍል ገብቶ ግቢው ጭር ሲል፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ጥቂት ዐርፎ ወደ ቢሮው ይሄዳል። ፀጉሩ ሸብቷል። መምህሩ ክፍል በማይኖረው ሰዓት አብሮት ይቀመጣል፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መርጡለ ማርያም ንግሥ ያወራሉ። በወሬያቸው መካከል ይርሳው ሁልጊዜ ደርሶ ብድግ ይላል። መምህሩ ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ደወሉ ከመመታቱ በፊት ነው የሚነሣው። ሰዓት የለውም፤ ግን አያሳልፍም። ደወሉ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ሲመታ እስከ ገበያው ይሰማል።

የትምህርቱ ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማለዳ፣ ሁለቱ አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። መምህሩ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስበት ቀን ቀርቧል። ይርሳው በዕለቱ ደስ ብሎት ነበር፤ አዲስ ስለተቀጠረች ጸሐፊ አወራ፤ ከእሱ ጋር የምትሠራው ስለ ጸጥታው ብላ ለምና መሆኑን ነገረው፤ የመስኮቱን ጆንያ አውርዳ መጋረጃ እንደሰቀለችለትም። መምህሩ ይህን እየሰማ አንድ ነገር አሰበ። ፈንታነሽ የነገረችው ታሪክ ሁሉ ሰው ለይርሳው ምን እንዳደረገለት፣ ይርሳውም ለራሱ ምን እንዳደረገ ነው። አሁንስ ያመዋል? ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎለት፣ እሱም ከጩኸት ቀድሞ መሄድን ተምሮ፣ ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ይኖር ይሆን? ቀላል ጥያቄ ነበር። «ጋሼ ይርሳው፣ አሁንስ...» ለማለት አፉን ሲከፍት፣ ይርሳው ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ተነሥቷል።

«በል እንግዲህ፣ ልጆቹ ሊወጡብህ ነው» አለውና አጥሩን ይዞ ወደ ታች ሄደ። እርምጃው ፈጣን አልነበረም፤ መድረሻውን አስልቶ እንደሚሄድ ሰው ነው። መምህሩ ሊከተለው ሁለት እርምጃ ተራመደ፤ ከዚያ ዘበኛው ብረቱን ይዞ ወደ ዛፉ ሲሄድ አየና ቆመ። ቸርኬው ሲመታ ይርሳው የመታጠፊያውን ባሕር ዛፍ አልፎ ነበር።